«ቆዳሽ ይለምደዋል» ማለት ይቅርብን

 

በኮንትራት አዲስ የመጣች ልጅ ሁለት ሦስት ወር ሠርታ እጇን ታሳየናለች። ጣቶቿ መሃል ተሰነጣጥቋል፣ ቀልቷል፣ ውሃ ቋጥሯል፣ ሌሊት አያስተኛትም። ቆየን የምንለው ሰዎች የምንሰጣት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «አይዞሽ፣ ለጊዜው ነው፤ ቆዳሽ ይለምደዋል።» ይህን ያልተባለች ከመሃላችን ያለች አይመስለኝም። ማዳሞቹም ይሉታል፣ እኛም እንለዋለን። የምንለው በክፋት አይደለም፣ ለማጽናናት ነው። ግን ምክሩ ስህተት ነው። በዚህ ምክር ታግሠው እጃቸው ለዘለቄታው የተበላሸ፣ «ተላላፊ በሽታ ይዛለች» ተብለው በአንድ ቀን ሻንጣቸው በር ላይ የተቀመጠ እህቶች አሉን።

ቆዳ በፍጹም የማይለምዳቸው ኬሚካሎች አሉ። በነኩት ቁጥር ይብስበታል፣ አንዴ ከያዛቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልኩን አይረሳቸውም። ሐኪሞች ይህን የቆዳ ጠባይ አውቀው ለሕክምና ሞክረውታል። እነሱ ከሞከሩት ለእኛ ማድ ቤትና መታጠቢያ ቤት የሚሆን ትምህርት ስላለበት በዚህ ጽሑፍ እሱን ላካፍላችሁ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ እንደናንተው ሰው ቤት ሠራተኛ ነኝ። ጽሑፉ ሕክምናን አይተካም፤ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ግን ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ።

ማቃጠልና አለርጂ አንድ አይደሉም

የእጅ ችግር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት ማቃጠል ነው። በረኪና (እዚህ ሁላችንም ክሎሮክስ የምንለው)፣ የሽንት ቤት አሲድ፣ ቀኑን ሙሉ ውሃና ሳሙና ውስጥ የዋለ እጅ፣ እነዚህ ቆዳን በቀጥታ ይጎዳሉ። ለሰው አይለዩም፤ ማዳምም እጇን ብትነክረው ያቃጥላታል። ጉዳቱ የሚወሰነው በኬሚካሉ ጥንካሬና በቆይታው ነው። እጅ ዐረፍ ካለና ቅባት ካገኘ ቀስ በቀስ ይድናል።

ሁለተኛው አለርጂ ነው፤ ዐረቦቹ «ሐሳሲያ» የሚሉት። አንዲት ሴት አንድን ነገር ለሳምንታት፣ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ያለ ምንም ችግር ስትነካው ትኖራለች። አንድ ቀን ሰውነቷ ነገሩን ጠላት ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ በነካችው ቁጥር ያሳክካታል፣ ያብጣል፣ ውሃ ይቋጥራል። ወዲያው ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው የሚወጣው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሐሙስ የነካችው ነገር ቅዳሜ ይወጣና እሷ አርብ የበላችውን ዓሣ ትጠረጥራለች። ዓሣውን ትተዋለች፣ ጠርሙሱን ግን በየቀኑ ትይዘዋለች።

«እኔ አሥር ዓመት በክሎሮክስ ሠራሁ፣ ምንም አልሆንኩ» የምትል እህት አትጠፋም። እውነቷን ነው። ክሎሮክስ በዋናነት ከመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ የሁሉም ሰው ቆዳም እኩል አይጎዳም። ግን ሁለቱ ዓይነቶች ይገናኛሉ። በማቃጠል የተሰነጠቀ እጅ በሩ እንደተከፈተ ቤት ነው፤ አለርጂ የሚያመጣው ኬሚካል በዚያ ስንጥቅ በቀላሉ ይገባል። ስለዚህ «ትንሽ ነው የተላጠው» ብሎ መተው አያዋጣም።

ባስማ እንደሰጠ ሰው

አለርጂን በደንብ ካጠኑት ሰዎች አንዱ ካርል ላንድስታይነር ነው። ደማችንን ኤ፣ ቢ፣ ኦ ብሎ የከፈለልን፣ ለዚህም በ1930 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሰው ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በ1930ዎቹ አጋማሽ ኒውዮርክ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር ጊኒ ፒግ በሚባሉ እንስሳት ቆዳ ላይ ልዩ ልዩ ኬሚካሎች እየቀባ ይመራመር ነበር። ከኬሚካሎቹ አንዱ ዳይኒትሮክሎሮቤንዚን ነው፤ በአጭሩ ዲኤንሲቢ ይባላል።

ዲኤንሲቢ ቢጫ ክሪስታል ነው። በክፍል ሙቀት ጠጣር ሆኖ ይቆይና ወደ 50 ዲግሪ ሲጠጋ ይቀልጣል። በውሃ አይሟሟም፤ በአሴቶንና በአልኮል ግን ይሟሟል። ፋብሪካዎች ቀለምና ሌሎች ኬሚካሎች ይሠሩበታል። ለእኛ ነገር ዋናው ጠባዩ ግን በጣም ትንሽ ሞለኪውል መሆኑና ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ መሆኑ ነው። ትንሽ በመሆኑ የቆዳን የላይኛ ሽፋን አልፎ ይገባል። ከገባ በኋላ ከራሳችን ፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። የቆዳችን ጠባቂ ሴሎች ይህን የተለወጠ ፕሮቲን ያገኙና ወደ ንፍፊት ዕጢ ይዘውት ይሄዳሉ። እዚያ ነጭ የደም ሴሎች ያዩታል፣ ይለዩታል፣ ይባዛሉ። ይህ ሥራ አሥር ቀን፣ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ባለቤቷ ምንም ላይሰማት ይችላል።

በ1942 ላንድስታይነርና ሜሪል ቼዝ አንድ ትልቅ ነገር አሳዩ። አለርጂ ከያዘው እንስሳ ነጭ የደም ሴሎችን ወስደው ለጤነኛው ሲሰጡት እሱም አለርጂውን ያዘ፤ የደሙን ውሃ ብቻ ሲሰጡት ግን አልያዘውም። ማለትም ማስታወሻው ያለው በሴሎቹ ውስጥ ነው። ቆዳው ስለዳነ፣ ሽፍታው ስለጠፋ ማስታወሻው አይጠፋም።

ይህን ለመረዳት እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሹሜሲ ገብቶ ባስማ ሰጥቶ የተመለሰ ሰው በሌላ ፓስፖርት፣ በሌላ ስም ተመልሶ ቢመጣ ኤርፖርት ላይ አሻራው ያወጣዋል። ስሙን የሚያይ የለም፣ የሚታየው ጣቱ ነው። ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። የሳሙናውን ብራንድ ብንቀይር፣ ሽታው ሎሚ የነበረው ጽጌረዳ ቢሆን፣ ጠርሙሱ አረንጓዴ የነበረው ሰማያዊ ቢሆን፣ ውስጡ ያው ኬሚካል እስካለ ድረስ ሴሎቹ ይይዙታል። «ሳሙና ቀየርኩ፣ አልተሻለኝም» የምትሉት ለዚህ ሊሆን ይችላል።

መጠኑም አስገራሚ ነው። እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች ዲኤንሲቢን በጤነኛ በጎ ፈቃደኞች ክንድ ላይ በልዩ ልዩ መጠን ቀብተው ውጤቱን በ1983 አሳትመዋል። ግማሽ ሚሊግራም በትንሽ ክብ ቦታ ላይ አንዴ ብቻ የተቀባባቸው ሰዎች ሁሉ አለርጂ ያዛቸው። ግማሽ ሚሊግራም ማለት ጥቂት የጨው ቅንጣት ያህል ነው። በእርግጥ ዲኤንሲቢ በጣም ኃይለኛ ስለሆነ ነው ለጥናት የተመረጠው፤ ቤታችን ውስጥ ካሉት ብዙዎቹ ከሱ ይደክማሉ። የሚሄዱበት መንገድ ግን ያው ነው።

ሐኪሞች ምን ሞከሩበት?

ሐኪሞች «ይህ ኬሚካል የሰውነትን መከላከያ እንዲህ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ መከላከያው በደከመበት ወይም በተሳሳተበት ቦታ ብናስነሣውስ?» ብለው አሰቡ። በ1970ዎቹ በእጅና በእግር ላይ የሚወጣ፣ አልነቀል ያለ ኪንታሮት ላይ ሞከሩት። ኪንታሮት የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ አለርጂው ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ቦታው ሲጠራ ቫይረሱንም አብረው ያገኙታል በሚል ተስፋ ነው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ላሽ ላይም ሞከሩት። ላሽ ያልኩት ፀጉርን በክብ በክብ የሚያረግፈውን ነው። በዚህ በሽታ የራስ ነጭ የደም ሴሎች የፀጉርን ሥር ይከብባሉ። የራስ ቅል ቆዳ ላይ ቀለል ያለ አለርጂ በየሳምንቱ ሲቀሰቀስ በአንዳንድ ሰዎች ሴሎቹ ፀጉሩን ይተዉታል፣ ፀጉርም ይበቅላል።

ዲኤንሲቢ ግን ብዙ አልቆየም። በ1970ዎቹ መጨረሻ በባክቴሪያ ላይ በተደረገ ምርመራ የዘር ቅንጣትን የሚለውጥ ሆኖ ተገኘ። የዘር ቅንጣትን የሚለውጥ ነገር ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ተብሎ ስለሚፈራ ሐኪሞች ወደ ሌሎች ዞሩ። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ዳይፌንሳይፕሮን ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለላሽ የተሞከረ ሲሆን ብርሃን ስለሚያበላሸው በጥቁር ጠርሙስ ይቀመጣል። ይህም ቢሆን የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለላሽ ያጸደቀው መድኃኒት አይደለም፤ የቆዳ ሐኪሞች በራሳቸው ኃላፊነትና ክትትል የሚሰጡት ነው። ለአንዳንዱ ይሠራል፣ ለአንዳንዱ አይሠራም፣ ሲቋረጥ ፀጉሩ ተመልሶ የሚረግፍበትም አለ። ኃይለኛ ችፌ፣ የንፍፊት እብጠት፣ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ደግሞ የሚጠቁር ወይም እንደ ለምጽ የሚነጣ ቦታ ሊተው ይችላል።

አሁን ለእኛ የሚጠቅመውን ቁጥር ስሙ። ሐኪሙ በመጀመሪያ ቆዳውን ለማስተማር 2 በመቶ የሆነውን ፈሳሽ በራስ ቅል ትንሽ ቦታ ላይ ይቀባል። ሁለት ሳምንት ያህል ይጠብቃል። ከዚያ ሕክምናውን ሲጀምር የሚቀባው ብዙውን ጊዜ 0.001 በመቶ ነው። ሁለት ሺህ ጊዜ የቀጠነ ማለት ነው! ለምን? ቆዳው አንዴ ከተማረ በኋላ ለዚያች ኢምንት እንኳ ይነሣል። ቆዳ የሚለምድ ቢሆን ኖሮ ሐኪሙ ያን ያህል ማቅጠን ባላስፈለገው ነበር። «ይለምደዋል» የሚለውን ምክር ከዚህ ቁጥር የበለጠ የሚያፈርሰው ነገር አላውቅም።

ሌላም አለ። ይህን ፈሳሽ የሚቀባው ሐኪምና የምታግዘው ነርስ ጓንት አድርገው፣ በጥጥ ጫፍ ነው የሚነኩት። ካልተጠነቀቁ እነሱንም ስለሚይዛቸው ነው። የተማረ ሰው ለአንድ ጠብታ ጓንት ካደረገ፣ በቀን አሥር ሰዓት ባልዲ ውስጥ እጇን የምትነክር ሴት ጓንት ስትጠይቅ ቅንጦት የሚባለው በምን ሒሳብ ነው?

ሰው ሲጨንቀው ራሱን ያክማል

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ኤችአይቪ መድኃኒት ሳይገኝለት በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ብዙ ወጣት ሲያልቅ፣ አንዳንድ ሕሙማን ዲኤንሲቢን ራሳቸው ገዝተው ቆዳቸው ላይ መቀባት ጀመሩ። ለፎቶ ማጠቢያ ሥራም ያገለግል ስለነበር ማግኘቱ አይከብድም ነበር። የደከመውን የሰውነት መከላከያ ያነሣልናል ብለው ነው። ጥቂት ትንንሽ ጥናቶች ተደረጉ፤ ሕይወት እንደሚያድን ግን አልተረጋገጠም። ከ1996 ወዲህ ብዙ መድኃኒት በአንድነት የሚሰጥበት ሕክምና ሲመጣ ነገሩ እየቀረ ሄደ። እነዚያን ሰዎች ለመንቀፍ አይደለም ያነሣሁት። በር የተዘጋበት ሰው ያገኘውን ይሞክራል።

የብዙዎቻችን ነገር ከዚያ አይርቅም። ኢቃማ የሌላት ሙስተሽፋ ትፈራለች። ኢቃማ ያላትም ፈቃድ ማግኘት ይከብዳታል። ስለዚህ ከሰይደሊያ ያገኘነውን፣ ጓደኛ የሰጠችንን፣ በስልክ የታየውን እንቀባለን። ላሽ ሲወጣብን ደግሞ ከአገር ቤት የምናውቀው ነጭ ሽንኩርት ማሸት ነው። ነጭ ሽንኩርት ራሱ ቆዳን ያቃጥላል፤ ውስጡ ያለው ዳያሊል ዳይሰልፋይድ የሚባል ነገርም አለርጂ ያመጣል። ቆዳን አስቆጥቶ ፀጉር ማስበቀል የሚለው ሐሳብ ከሐኪሞቹ ሐሳብ ጋር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ መጠኑን የሚለካና ሲብስ የሚያቆም ሰው አለመኖሩ ነው። ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ፣ «መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ይቆስላል፣ ከዚያ ፀጉር ያበቅላል» ተብሎ የሚሸጥ ማንኛውም ፈሳሽ ራሳችሁ ላይ አይውጣ። ከሱቅ የሚገዛ ያለ ስም የተደባለቀ ክሬምም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለበት፤ ሽፍታውን ለጊዜው ይደብቃል፣ ቆይቶ ቆዳውን ያሳሳል።

ቤታችን ውስጥ የት የት አለ?

አንደኛ፣ የፀጉር ቀለም። ጥቁርና ጠቆር ያሉ ቀለሞች ውስጥ ፓራፌኒሊንዲያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል በብዛት አለ። ኃይለኛ አለርጂ አምጪ ነው። አውሮፓ ውስጥ ተደባልቆ ፀጉር ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ ተወስኗል። እኛ የማዳምን ፀጉር፣ የእናቷንም ፀጉር በባዶ እጅ እንቀባለን። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ጓንት ለእናንተ ነው፣ አድርጉት። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ገልብጣችሁ ደግማችሁ አታድርጉ፤ የቀለሙ ትራፊ ያኔ እጃችሁን ይነካል።

ሁለተኛ፣ ጥቁር ሒና። የእውነተኛው ሒና ቀለም ቡናማ ቀይ ነው፣ ለመያዝም ሰዓታት ይፈልጋል። በአጭር ጊዜ ድቅድቅ ጥቁር የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ ፒፒዲ ተጨምሮበት ነው፤ መጠኑም ለፀጉር ከተፈቀደው እጅግ ሲበልጥ ተገኝቷል። ለዒድና ለሠርግ ሁላችንም እንደምንቀባ አውቃለሁ። ተቀቡ፣ ግን ቀዩን። በጥቁሩ ሒና የተያዘች ልጅ አበባው በተሣለበት መስመር ልክ ውሃ ይቋጥርባታል። ጉዳቱ በዚያ አያበቃም። ከዚያ ወዲያ የፀጉር ቀለም ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ ይችላል፤ በአንዳንድ ጥቁር ልብስ ቀለም እንኳ የሚነሣባት አለች። አባያ ለምትለብስ ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ ፈሳሽ ሳሙናዎችና እርጥብ የልጅ መጥረጊያዎች። እንዳይበላሹ የሚጨመርባቸው መከላከያ አለ፤ ብዙ ሰው ከያዙት አንዱ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን ይባላል። የአሜሪካ የቆዳ አለርጂ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 «የዓመቱ አለርጂ አምጪ» ብሎ ሰይሞታል። አውሮፓ ደግሞ ከ2017 ጀምሮ ተቀብተው በሚቆዩ ክሬሞች ውስጥ ከልክላዋለች። በሚታጠቡ ሳሙናዎችና በጽዳት ፈሳሾች ውስጥ ግን አሁንም ይገኛል። ዕቃ ማጠቢያውን ሳታቀጥኑ በቀጥታ በእጃችሁ ላይ ማፍሰስ ይቅር።

አራተኛ፣ ነጭ ሽንኩርት። ብዙ የምትልጡ፣ በተለይ በረመዳን፣ ሽንኩርቱን የምትይዙበት እጅ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሃል ጣት ጫፋቸው ከተሰነጠቀ እሱን ጠርጥሩ።

አምስተኛ፣ ጓንቱ ራሱ። ጎማውን ለማጠንከር የሚጨመሩ ኬሚካሎች አንዳንድ ሰው ይይዛሉ። ጓንት ያደረገችበት ቦታ ልክ እስከ አንጓዋ የሚቀላባት እህት ጓንቱን ትቀይር፤ በባዶ እጅ መሥራት ግን መፍትሔ አይሆናትም። ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ይደረግ። ለፀጉር ቀለም ከስሱ ላቴክስ ይልቅ ናይትራይል የሚባለው ይሻላል።

ምን እናድርግ?

ሽፍታ ሲወጣባችሁ ሦስት ቀን ወደኋላ ቁጠሩ። ምን ነካችሁ? ምን አዲስ ነገር ተገዛ? የጠርሙሱን ጀርባ በስልክ ፎቶ አንሡ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ «እጄን አመመኝ» ከምትሉ ፎቶውን ብታሳዩ ግማሹን ሥራ ሠራችሁለት።

ምክንያቱን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ አለ። በጣም የቀጠኑ ኬሚካሎች በትንንሽ ፕላስተር ጀርባ ላይ ይለጠፋሉ፣ 48 ሰዓት ይቆያሉ፣ ይነሣሉ፣ ከዚያም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ እንደገና ይታያሉ። ይህን ቤት ውስጥ በጽዳት ፈሳሽ ራሳችሁ እንዳትሞክሩት፤ ያልቀጠነ ፈሳሽ ያቃጥላል፣ አዲስ አለርጂም ሊያስይዝ ይችላል። አገር ቤት ለዕረፍት የምትገቡ ደግሞ አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና እንደሚሰጥ አስታውሱ። አለርጂው ከተረጋገጠ የሚነቅለው መድኃኒት የለም፤ የሚያድነው ያንን ነገር አለመንካት ነው። ስሙን በወረቀት በዐረብኛ አጽፋችሁ ከኢቃማችሁ ጋር ያዙት።

ፊት ወይም ዓይን ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ግን ፎቶና ወረቀት አትጠብቁ። የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው።

ለማዳም ለመንገር እነዚህን ያዙ፦ «ዒንዲ ሐሳሲያ» (አለርጂ አለብኝ)፣ «ሃዳ ማ ዪዕዲ» (ይህ አይተላለፍም)፣ «አብጋ ጓንቲ» (ጓንት እፈልጋለሁ)። ሁለተኛይቱ ዋና ናት። ብዙ ቤት እከክ ነው ብለው ልጆቻቸውን ስለሚፈሩ ነው ሠራተኛ የሚያባርሩት። አለርጂ ከሰው ወደ ሰው አይሄድም። ምግባቸውን ብትሠሪ፣ ልጃቸውን ብታቅፊ አይይዛቸውም። ይህን የሐኪም ወረቀት ላይ አስጽፉት።

ሕግም አለ። የሳዑዲ መንግሥት በ2013 ያወጣው የቤት ሠራተኞች ደንብ አሠሪ ጤናን አደጋ ላይ የሚጥል ሥራ እንዳያሠራ ይከለክል ነበር። በሐኪም ወረቀት ለተረጋገጠ ሕመምም በዓመት እስከ 30 ቀን ክፍያ ያለው ፈቃድ ይሰጥ ነበር። ወረቀት ላይ ያለው ሁሉ እቤት ውስጥ እንደማይሠራ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ቢሆንም መብቱን ሳያውቁ መለመንና እያወቁ መጠየቅ አንድ አይደሉም። ጉዳዩ ከከበደ ጅዳ ያለው ቆንስላችን ዘንድ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ዐረብኛ የምትችል እህት ከማኅበራችን አብራችሁ ትሂድ።

ለማኅበራችን ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ከወር መዋጮአችን ጥቂት ተቀንሶ ጓንትና ሽታ የሌለው የእጅ ቅባት በጅምላ ይገዛ፤ በተለይ መካ በሐጅ ወቅት በቀን ሥራ ቤትና ሆቴል ለሚያጸዱ እህቶች ይድረስ፤ ለእነሱ ጓንት የሚገዛ አሠሪ የላቸውም። ሁለተኛ፣ በየስብሰባው ከዐረብኛ አንባቢዎቻችን አንዷ የተነሡትን የጠርሙስ ፎቶዎች አይታ ውስጡ ያለውን ታንብብልን። ሦስተኛው ምንም ገንዘብ አይጠይቅም። አዲስ የመጣች ልጅ እጇን ስታሳየን «ይለምደዋል» እንዳንላት። «ከሦስት ቀን በፊት ምን ነካሽ?» ብለን እንጠይቃት፣ የራሳችንን ጓንት አውልቀን እንስጣት።

ከዘመድ ርቀን በእጃችን ሠርተን ነው እናት የምንጦረው፣ ወንድም የምናስተምረው። ይህን እጅ ሳይጎዳ ወደ አገሩ ይዘነው እንግባ።